ካልጋሪ ልንሄድ ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ቶሮንቶ ምን ጎደለባችሁ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በጥድፊያ ነው የመለስኩልሽ። አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ዋናው ነገር የቤት ኪራይ ነው። እዚህ ለባለ ሁለት መኝታ በወር 2,700 ዶላር እንከፍላለን። ካልጋሪ ያገኘነው ባለ ሦስት መኝታ ነው፤ ኪራዩ 2,100። የቶሮንቶውን ኪራይ ለመሙላት አማችሽ ቅዳሜና እሁድም ይሠራል። ልጆቹ ሲነሱ ወጥቷል፣ ሲገባ ተኝተዋል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ታክሱም አለ። ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር በኦንታሪዮ ውስጥ ሶፋ ብትገዢ 13 በመቶ ይጨመርብሻል። የካልጋሪዋ ክፍለ ሀገር አልበርታ ግን የራሷ የሽያጭ ታክስ ስለሌላት የምትከፍዪው የፌዴራሉን 5 በመቶ ብቻ ነው።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው አልልሽም። የአልበርታ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2018 ጀምሮ 15 ዶላር ላይ ቆሟል። የኦንታሪዮ ከ17 ዶላር በላይ ነው። እዚህ ቆየት ላሉ ቤቶች መንግሥት የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ያወጣል። እዚያ ግን አከራዩ በዓመት አንዴ ብቻ ይጨምር እንጂ ስንት ይጨምር የሚል ገደብ የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ያስፈራኛል። ባቡር ቢኖርም ልጆች ይዞ ያለ መኪና መኖር ይከብዳል፤ የመኪና ኢንሹራንሱም ውድ ነው።

ዳንፎርዝ ይናፍቀኛል። ከሥራ ስወጣ እንጀራ ገዝቼ፣ ከሰው ጋር በአማርኛ አውርቼ የምገባበት ሰፈር ነው። ካልጋሪም ሐበሻ ሞልቷል፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ብቻ ሰው እስኪለመድ ጊዜ ይፈጃል።

ብርዱ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስበት ቀን አለ። ግን ፀሐይ አይጠፋም። ደግሞ ከሮኪ ተራሮች ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ሲወርድ በክረምቱ መሀል በረዶው በሰዓታት ውስጥ መቅለጥ ይጀምራል።

አሁን ስላንቺ ላውራ። ለወላጆችና ለአያቶች በሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ፣ ሱፐር ቪዛ በሚሉት፣ ከመጣሽ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት መቆየት ትችያለሽ። ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ግን ግዴታ ነው። እዚህ ሆነን ያንን መክፈል አልቻልንም። እዚያ ከኪራዩ በሚተርፈው እንከፍለዋለን። ሦስተኛዋ መኝታ ያንቺ ናት። ምድር ላይ ስለሆነች ደረጃ አትወጪም።

አየር መንገዳችን የሚያርፈው ቶሮንቶ ነው። እዚያ መጥቼ እቀበልሽና ወደ ካልጋሪ አብረን እንበራለን፤ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ብቻሽን አትንከራተቺም።

እባክሽ ፓስፖርትሽ ጊዜው እንዳላለፈ ወንድሜ ይይልሽ። ካለፈ አሁኑኑ ያሳድስልሽ። ከቤቱ መግቢያ ቀን በፊትም ደውዪና መርቂን።

ልጆቹ ጉልበትሽን ይስማሉ።

የምትወድሽ ልጅሽ