ሚሚዬ፣ ደብዘዝ ያሉትን መስመሮች ላኪልኝ

ይድረስ ለሚሚዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጠፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። መልእክትሽን ባየሁ ቁጥር «ማታ እመልስላታለሁ» እያልኩ ወራት ነጎዱ። ሰበብ አልደረድርም። ብደውል ደግሞ አንቺ ወሬሽን እስክትጨርሺ እኔ ተራ አይደርሰኝም፤ ስለዚህ መጻፉን መረጥኩ። ልንገርሽ አይደል፣ የምለምንሽም ነገር አለኝ።

ሰሞኑን ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ባለው ቆላ ጤና ኬላዎችን እየዞርን ነው። ሥራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አር ዲ ቲውን፣ ከጣት ደም ወባን የሚለየውን ፈጣን ምርመራ፣ እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ነው። ወቅቱን ታውቂዋለሽ። ክረምቱ ይወጣል፣ ያቆረው ውኃ ሳይደርቅ ወባው ይነሳል። በፈረንጆቹ 2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሰልፉ ከማለዳ ነው የሚጀምረው።

አንዷን ልንገርሽ። እጇን ብታዪ ትወጃታለሽ። የኪቱን ማብቂያ ቀን አየች፣ ጓንት አጠለቀች፣ የሕፃኑን ስም ውጤቱ የሚነበብበት የፕላስቲክ ካሴት ላይ ጻፈች። ጣቱን በአልኮል ጠርጋ እስኪደርቅ ጠበቀች። ወግታ እንደጨረሰች ላንሴቱን ጠረጴዛ ላይ ሳታሳርፍ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣለች። 5 ማይክሮ ሊትሯን ደም ሳታበዛ ሳታሳንስ ወሰደች፣ በፈሩን፣ ደሙን የሚያስኬደውን ፈሳሽ፣ ጠብታ በጠብታ ቆጥራ ጨመረች። ሰዓቱንም ጠበቀች። ቼክሊስቱ ከላይ እስከ ታች ራይት ሆነ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ይቺስ አሠልጣኝ መሆን ነበረባት» አለኝ።

ከዚያ ወረቀታችንን አጥፈን ውጭ ለቡና ተቀመጥን። በሩ ክፍት ነበር። 20 ደቂቃ መጠበቅ ያለበትን ካሴት ገና ደሙ ሽቅብ እየወጣ አነሳችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችና «የለም» ብላ መዝገቡ ላይ ኔጌቲቭ ጻፈች። ቡናዬን ትቼ ገባሁ። «እስቲ ትንሽ እንየው» አልኳት። ሰዓቱ ሲሞላ ምርመራው መሥራቱን ከሚያሳየው ከኮንትሮሉ መስመር ሌላ አንዲት የሳሳች መስመር ወጣች። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ። «ይቺ እኮ በቅጡ አትታይም» አለችኝ። ደብዝዛም ቢሆን ፖዘቲቭ ናት አይደል? ትኩሳት ያቃጠለው ልጅ መድኃኒቱን ይዞ ሄደ። ቡናው ባይጠራንስ ኖሮ?

እሷ ላይ አልተቆጣሁም። እንዲያውም የነገረችኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። «እህቴ፣ ሰልፉን ታዪዋለሽ። 20 ደቂቃ ጠብቁ ብዬ ማንን አስቆማለሁ?» አለችኝ። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፣ የስልኳ ባትሪ አልቋል። እኛ ፊት ያሳየችን የምታውቀውን ነው፤ እኛም የሞላነው እሱን ነው። የሚያመኝ ይሄ ነው። በየቀኑ የምትሠራውን አላየንም።

ያንን የዛምቢያ የአር ዲ ቲ አሠራር ጥናት አስታወሰኝ፣ በፈረንጆቹ 2008 የወጣውን። የፋብሪካውን መመሪያ ብቻ የያዙት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች 57 ከመቶውን እርምጃ ነበር በትክክል የሠሩት። በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ያገኙት 80፣ ሥልጠናም የተጨመረላቸው 92 ደረሱ። ጥሩ ነው። ግን እዚያም ቢሆን አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ እያየ ነው። ወረፋ ሲበዛ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ እናት «ቶሎ በይልኝ» ስትል ምን ይሆናል?

ሌላው ሥጋት ደግሞ ያውልሽ፤ አንዳንዱ ፋልሲፓረም፣ ሌላው የወባ ተሐዋሲ፣ ኤች አር ፒ 2 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያመነጨውን ጂን አጥቷል። ኤርትራ ውስጥ ታይቷል፣ እኛም አገር ተገኝቷል። እሱን ፕሮቲን የሚፈልግ ኪት እጅሽ የቱን ያህል ጎበዝ ቢሆን ሊስተው ይችላል። ኪቱ በራሱ ይህን ያህል ከሳተ፣ በጥድፊያ የምንስተውን ምን ብለን እንጨምርበታለን? ደግሞ ባለሙያዎቹ አንዴ ኪቱን ማመን ከተዉ ኔጌቲቭ እያዩ ኮአርተም፣ የወባውን መድኃኒት፣ ይሰጣሉ። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በወባ መድኃኒት ቤቱ ይመለሳል።

ሪፖርቱን ገና አልጻፍኩትም። እንዴት እንደምለው... ነጥቡ ሲደመር «በጣም ጥሩ» ነው የሚወጣው። ያየሁትን ልጽፍ ነው፣ ግን ልጅቷ እንድትነካ አልፈልግም። ካሴቱ ላይ ከስሙ ጎን የጀመረበት ሰዓት ይጻፍ፣ ለየኬላው የሚጮህ የኩሽና ሰዓት ይገዛ ልል አስቤያለሁ። ሦስት አራቱን ሰው በተከታታይ ወግታ የእያንዳንዱን ውጤት ደቂቃው ሲሞላ ብታነብ ሰልፉም ይቀላል። ምን ትያለሽ? አንቺ ላቦራቶሪ ያለሽው፣ እኔ ቆላ ለቆላ የምዞረው ነኝ።

ልመናዬ ይሄ ነው። ደብዘዝ ያለ መስመር ያለባቸውን ካሴቶች ፎቶ አንሺልኝ። ሰዓታቸው እንደሞላ፣ ሳይደርቁ። በማይክሮስኮፕ የተረጋገጡ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የታካሚ ስም እንዳይታይ ብቻ ተጠንቀቂ። ኮንትሮሉ ያልወጣም ካገኘሽ ጨምሪበት። አትሜ እያንዳንዷን ባለሙያ ለብቻዋ አስነብባታለሁ። በሚቀጥለው ዙር ራስሽ ብትመጪማ ዓሣው በኔ ነው። መኪናው ውስጥ ቦታ አለ፣ ጠይቄያለሁ።

በቴሌግራም ላኪው፤ እዚህ ኔትወርክ የሚሠራው ማታ ማታ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ