መጀመሪያ ክዳኑን ፍታው

ይድረስ ለምወድህ ጌቾ፣

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር» የሚለውን ራስህ ሙላበት። ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ሰርግህም አለፈኝ፤ ልጅህንም የማውቃት በፎቶ ነው። ይቅር በለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ማስታወቂያህን እህቴ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ሶፋና ምንጣፍ ቤትዎ ድረስ መጥተን እናጥባለን።» ሳቄ መጣ። ካልሲውን ማጠብ ሞት የሚመስለው ሰውዬ! ከዚያ ፎቶውን አጎላሁት። ከኋላህ ባለው በእጅ የሚነፋ መርጫ ውስጥ የማጠቢያው ዱቄት ከታች ተኝቷል፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሏል። አጠገቡ ያለው ባልዲ ላይ ደግሞ «ኦክስጅን» የሚል ጽሑፍ አየሁ። እንቅልፍ ነሳኝ።

ስማኝ። ያ ዱቄት ሶዲየም ፐርካርቦኔት ከሆነ፣ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣዋል። እሱ ደግሞ እየፈረሰ ኦክስጅን ይለቃል። ውሃው ሙቅ ከሆነ ይብስበታል። ጋዙ መውጫ ካጣ ፕላስቲኩን ይወጥረዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። አንተ ባትነፋውም ራሱን ይነፋል ማለት ነው። ስለዚህ በክፍት ባልዲ በጥብጠው፤ ለዚያ ቤት የሚበቃህን ብቻ። ወዲያው ተጠቀምበት፣ የተረፈውን ድፋው። ዘግተህ መኪና ውስጥ እንዳታሳድረው፣ በእናትህ! ኬሚስትሪ ከማን ትገለብጥ እንደነበር ስለማውቅ ነው እንዲህ የምዘበዝብህ። እኔስ ከማን እገለብጥ ነበር? እሱን ተወው።

ሌላው ዱቄት፣ ተራው ቅባት የሚያነሳው፣ እንኳን አይፈነዳም። ግን ያስለቅስሃል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙው አፓርታማ ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው፤ ተከራይ ሲወጣ እኛ እንገባለን። ሥራውን ያስለመደኝ ሽማግሌ ዱቄት መርጫው ውስጥ ሲበጠበጥ ካየ ያብድ ነበር። ባልዲ ላይ በሙቅ ውሃ ነው፤ እየነሰነስክ ታማስላለህ፣ እስኪሟሟ ትጠብቃለህ፣ በስስ ጨርቅ አጥልለህ ወደ መርጫው ትገለብጣለህ። አንዲት ያልሟሟች ፍሬ አፍንጫውን ትደፍንና ደንበኛው ፊት ስትነፋና ስትፈታ ትውላለህ። ኤንዛይም፣ ማለትም ቆሻሻን የሚፈታ ፕሮቲን፣ ያለበት ዱቄት ከሆነ ግን የፈላ ውሃ አይወድም፤ ኤንዛይሙ ይሞታል። 50 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። እሱም ቢሆን ተበጥብጦ ካደረ ኃይል የለውም።

ማታ ማታ መርጫውን በንጹህ ውሃ እየነፋህ እጠበው። ካልታጠበ ውስጡ እንደ ጨው ይጋገርና የማሸጊያ ጎማውን ይጨርሰዋል። ልኩን ደግሞ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያዝ። «ትንሽ ጨመር ላድርግበት» የሚለውን አመልህን አውቀዋለሁ፤ ወጥህም እንደዚያ ነበር። የበዛው ዱቄት ምንጣፉ ላይ ይቀርና ቆሻሻ ይጠራል። በረኪናማ ጨርሶ እንዳታስጠጋ። ረጭተህ 10 ወይም 15 ደቂቃ ተወው፤ ሳይደርቅ በደንብ አለቅልቀህ ምጠጠው።

የደብረ ብርሃን የበግ ጠጉር ምንጣፍ ያለው ቤት ከጠራህስ? እዚያ ላይ ይሄን ዱቄት እርሳው። የአብዛኛው ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ10 በላይ ነው፤ ሱፍ ከ8.5 ካለፈ አይመቸውም። ቀለሙ ይለቃል፣ ጠጉሩ ይሻክራል። የሰው እናት ያወረሰችውን ምንጣፍ አበላሽተህ ለሽምግልና ስትሯሯጥ ታየኝ። ለሱፍ የተሠራ ለስላሳ ሳሙና ፈልግ፣ መጀመሪያ ማይታይ ጥግ ላይ ሞክረው።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ መካሪ መስዬ ነው። እውነቱን ልንገርህ? ቀናሁ። እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «የጽዳት ድርጅት አለኝ» እላለሁ። ድርጅቱ አንድ ቫንና አንድ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። አንተ ግን ማስታወቂያህ ላይ ሁለት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ከጎንህ ቆመዋል። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

እና... ሥራው ሌላ ሰው ይችላል? ማለቴ፣ ሸሪክ ምናምን። እንዲያው ለጨዋታ ነው የጠየቅኩህ። መልስ ሳትሰጠኝ ብትቆይም አልቀየምም፤ በምን አፌ?

የመርጫህን ጎማ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ስፋቱን ለክተህ። ቅዳሜ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ፤ መለዋወጫውንም ፒኤች መለኪያ ወረቀቱንም አስይዘዋለሁ። ለልጅህስ ጫማ ቁጥሯ ስንት ነው?

ያንተው