ጉበት ሲታመም ሕዋሱ ምን ይመስላል?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? ብዙ ተጠፋፋን። ባሕር ዳር ላይ የጉበትን ፓቶሎጂ (የበሽታ ጥናት) ልታስተምር መሆኑን ስሰማ ደስታዬን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ተማሪዎችን መጀመሪያ የሚያደናግራቸው ስቡ ነው። በመጠጥ፣ በስኳር በሽታ ወይም በውፍረት ስብ የሞላው ሕዋስ ስላይዱ (የማይክሮስኮፕ መስታወቱ) ላይ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፤ ናሙናው ሲዘጋጅ በአልኮልና ዛይሊን በሚባል ፈሳሽ ሲያልፍ ስቡ ሟሙቶ ይወጣልና። ትልቁ ጠብታ ኒውክለሱን (የሕዋሱን እምብርት) ወደ ዳር ገፍቶታል። ስቡን ራሱን ማሳየት ካሻህ ናሙናው አልኮል ሳይነካው በረዶ አድርገህ ቁረጥና ኦይል ሬድ ኦ የተባለውን ቀለም ቀባው። ይህ ለውጥ መንስኤው ከተወገደ ይመለሳል። ሕዋሱ አብጦ ሳይቶፕላዝሙ (በኒውክለሱ ዙሪያ ያለው የሕዋሱ ክፍል) ሲሳሳና ውስጡ የተጨማደደ ቀይ ቁራጭ ሲታይ ግን ጉዳቱ ጠልቋል፤ ቁራጩ ሕዋሱን ደግፎ የያዘው ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ፈርሶ የተከማቸ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው በማዕከላዊው ደም ሥር ዙሪያ ነው።

ሥር በሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ሳይቶፕላዝሙ እንደ ደበዘዘ መስታወት ይሆናል። የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ፕሮቲን በሚሠራበት የሕዋሱ ክፍል) ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህን መልክ ስለሚያመጡ ኦርሴይን የተባለውን ቀለም ቀባ፤ ቫይረሱ ከሆነ ቡናማ ይሆናል። በአዲስ ሄፓታይተስ ግን ይህን አትፈልግ፤ እዚያ የምታየው ያበጡ ሕዋሳትንና በመካከላቸው ተኮማትረው ቀይ ሆነው የሞቱትን ነው።

ጣና ዳር ላለህ ለአንተ ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃርዚያ ነው። እዚህ የጉበት ሕዋሱ ደህና ነው! የትሉ እንቁላል ከአንጀት ደም ሥር ተነሥቶ ደም ከአንጀት ወደ ጉበት በሚወስደው በፖርታል ደም ሥር ጫፎች ይቀረቀራል፤ ሰውነት በግራኑሎማ (በመከላከያ ሕዋሳት ክምችት) ይከበዋል፣ ከዚያ ወፍራም ጠባሳ ይተካል። ደሙ የሚታገደው ሕዋሳቱ ዘንድ ሳይደርስ ስለሆነ በደም ምርመራ አልቡሚኑም (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን) ኤንዛይሙም ደህና ሆኖ ሳለ ጣፊያው ያብጣል፣ ታማሚው ደም ያስመልሳል። በምርመራ ወረቀቱ የሚዘናጋ ሐኪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመርፌ ናሙናም ጠባሳውን ሊስተው ስለሚችል አልትራሳውንድ ይሻላል።

ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉና፣ ብልሃርዚያ ባለበት ጉበት ሕዋሱ ተበላሽቶ ካገኙት ሄፓታይተስ ቢን እንዲመረምሩ አደራ በልልኝ። ያሉህን ስላይዶች ዝርዝር ላክልኝ፤ የጎደለውን ፈልጌ እልክልሃለሁ።

ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ።
ወንድምህ