ጉዳዩ፦ ከፍዬ ያልተረከብኩትን የድጎማ ዩሪያ ማዳበሪያ ይመለከታል

ለመሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት

እንደምን ሰነበቱ? መዝገቡ እጅዎ ላይ ነው። መቼ እንደተመዘገብኩ፣ ስንት እንደከፈልኩ እየደጋገምኩ አላደክምዎትም። የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ስለሆነው ነው።

“ሐሙስ ጠዋት ዩሪያሽን ጭነሽ ትሄጃለሽ” ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ያውም መጋዘኑ በር ላይ ቆመው፣ የልማት ሠራተኛው እየሰማ። አመንኩ። ከጎረቤት ሁለት አህያ ተውሼ፣ ልጄን ከከብት ጥበቃ አስቀርቼ መጣሁ። መጋዘኑ ክፍት ነው። ኬሻው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ይታያል። ጸሐፊዋ ስሜን መዝገቡ ላይ በጣቷ እየፈለገች አገኘችው። “አዎ ከፍለሻል፤ ግን ሲስተም የለም” አለችኝ። መቼ ይመጣል ብላት “እኔ ምን አውቄ!” ከእኔ ኋላ የመጣ ሰውዬ ግን ዓይኔ እያየ ጋሪ ሙሉ ጭኖ ወጣ። ለእሱ ሲስተሙ ከየት መጣ?

ይህንኑ ልጠይቅ ቢሮዎ ስገባ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። “ባለቤትሽን ላኪውና እንነጋገራለን” አሉኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስንት ዓመቱ! ቀብሩ ላይ እርስዎም ነበሩ። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፣ ፎቶውም የእኔ። ማኅበሩ መዋጮ ሲሰበስብ ባልሽን አምጪ ብሎኝ አያውቅም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ብዘረጋልዎ “አንሺልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ” ብለው ወደ ስልክዎ ተመለሱ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰምቷል። አንዳንዱም ስቋል።

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ዩሪያ እንደ ሌላው ማዳበሪያ፣ እንደ ኤንፒኤስ፣ በዘር ጊዜ ተጨምሮ የሚያበቃ ነገር አይደለም። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይፈልገዋል። የእኔ በቆሎ ጉልበት አልፎ ወገብ ሊደርስ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው በመሐል በመሐላቸው ቢጫ እየሆኑ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደረቅ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ደግሞ ይተናል እንጂ ለማን ይተርፋል?

አምና “ከጅቡቲ ገና አልተነሳም” ስትሉን ዝም ብለናል። ዘንድሮ እኮ መጋዘናችሁ ውስጥ ነው! የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ፣ መንግሥት ማዳበሪያን እንደሚደጉም በሬዲዮ ሰምተናል። ድጎማው ለማን ነው? ያው ኬሻ ገበያ ላይ ያለ ወረፋ ይገኛል፤ ዋጋው ነው የማይቀመሰው። ከየት እንደሚወጣ እኔ አልናገርም።

ካነሳሁት አይቀር፣ በዘር ጊዜ የሰጣችሁኝ ኤንፒኤስ ኬሻው ላይ 50 ኪሎ ይላል። ወፍጮ ቤት ባስመዝነው ጎደለ። ለከፈልኩትም ደረሰኝ አልተሰጠኝም፤ የካርቶን ቁራጭ ላይ “ተቀብያለሁ” ተብሎ ተፈረመልኝ። ካርቶኑን አስቀምጬዋለሁ። “መዋጮ ካልከፈልሽ ማዳበሪያ የለም” ተብዬ የሰጠሁት ብርም ለምን እንደዋለ እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ስለዚህ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ዩሪያዬ ይሰጠኝ። ካልሆነ ገንዘቤ በሙሉ ይመለስልኝ፣ መዋጮውም ጭምር። የጎደለው ኪሎም ይተካ። ማን፣ መቼ፣ ስንት ኬሻ እንደወሰደ የሚያሳይ ዝርዝር መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። እርስዎም ለተናገሩኝ ነገር ያው ወረፋ በሰማበት ይቅርታ ይጠይቁኝ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደብተሬንና ካርቶኔን ይዤ ዞን እሄዳለሁ፤ ዞን ካልሰማኝ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤም ኦዲት እንዲደረግ እጄን አወጣለሁ፤ ብቻዬን እንደማልሆን ልንገርዎት።

መልሱ በጽሑፍ ይሁንልኝ፣ ማኅተም ያረፈበት። ካርቶን አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
የማኅበሩ አባል