ሻጩም ገዢውም አንድ ሰው ሲሆን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እሑድ የስፖርት ገጻችሁ ላይ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት ጽሑፎች አነበብኩ። አንዱ የእንግሊዝን እግር ኳስ ያበላሹት የውጭ ባለሀብቶች ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ ቼልሲ በ2023/24 የውድድር ዓመት 128.4 ሚሊዮን ፓውንድ አተረፈ ብሎ ያወድሳል። በሁለቱም ላይ የምለው አለኝ። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የእነሱ ሂሳብ በእነሱ አቆጣጠር ይሁን።)

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ደብተር ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ቼልሲን መደገፍ የጀመርኩት ጣሊያናዊው አጥቂ ዞላ ሲጫወት ነው። ክለቡን የገዛው ሩሲያዊ ባለሀብት አብራሞቪች ገና አልመጣም ነበር፣ ስለዚህ ብር አይቶ የመጣ ነው እንዳትሉኝ። ዛሬ የምወቅሰውም የራሴን ክለብ ነው።

ከትርፉ ልጀምር። ያ 128.4 ሚሊዮን ኳስ ተጫውቶ የመጣ ገንዘብ አይደለም። በሰኔ 2024፣ ሂሳብ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ክለቡ የሴቶች ቡድኑን ሸጠ። ለማን? ለራሱ ለባለቤቶቹ ኩባንያ። ከዚህ ሽያጭ የተመዘገበው ትርፍ 198.7 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። እስቲ ከ128.4 ላይ 198.7 ቀንሱ። 70 ሚሊዮን ኪሳራ ይወጣችኋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ስታምፎርድ ብሪጅ ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሆቴሎች በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ እዚያው ለቤተሰብ፣ ለእህት ኩባንያው ሸጧል። ሆቴሎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ባለቤቶቹም ያው ናቸው።

ይህን ዜና ሳነብ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የመረመርኩት አንድ ድርጅት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መጋዘኑን «ሸጠ»። ገዢው የዚያው ባለቤት ሌላ ኩባንያ ነው። ውሉን በሻጭ በኩልም በገዢ በኩልም የፈረመው አንድ ሰው ነበር። መጋዘኑን ለማየት ሄድኩ። ዕቃው እንዳለ ተከምሯል። ቁልፉ በዚያው ዘበኛ እጅ ነው። «አባባ፣ ይሄ ቦታ ተሸጧል አሉ» ብላቸው ሳቁብኝ። ደብተሩ ላይ ግን ድርጅቱ በዚያ ዓመት አትራፊ ነው። ባንክም ያን ደብተር አይቶ አበደረው።

ቼልሲ ያደረገው ይኸው ነው። ልዩነቱ የፕሪምየር ሊጉ ደንብ ይፈቅድለት ነበር፤ ዋጋው የገበያ ዋጋ ይሁን እንጂ ይቻላል ይል ነበር። ክለቦቹ ቀዳዳውን ለመድፈን በሰኔ 2024 ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ የሚያስፈልገው ድምፅ አልተገኘም። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚመራው ዩኤፋ ግን እንዲህ ያለውን ሽያጭ ገቢ ብሎ አይቆጥረውም። በሐምሌ 2025 ቼልሲን 31 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ሌላ 60 ሚሊዮን ደግሞ በገደብ። አንዱ ደብተር በአንዱ መሥሪያ ቤት አትራፊ፣ በሌላው ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት እንሂድ። የሊጉ ደንብ በዚያን ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይቻልም ይል ነበር። ፎረስት ከታች ሊግ ገና በመምጣቱ ጣሪያው 61 ሚሊዮን ነበር። በ34.5 ሚሊዮን አለፈው። ሂሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ተጫዋቻቸውን ብሬናን ጆንሰንን ከዚያ በፊት በርካሽ መሸጥ ይችሉ ነበር። አልሸጡም። ሁለት ወር ታግሰው ለቶተንሃም በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡት። አራት ነጥብ ተቀነሰባቸው። እዚህ ላይ ልክ ልናገር፦ እንደ ነጋዴ ፎረስቶች አልተሳሳቱም። እንደ ኦዲተር ግን የተዘጋ ደብተር ተዘግቷል፤ እኔም ብሆን እቀጣቸው ነበር። የሚያንገበግበኝ ንጽጽሩ ነው። ፎረስት ለማያውቀው ክለብ፣ በእውነተኛ ገንዘብ፣ ሁለት ወር ዘግይቶ ሸጠ፤ ተቀጣ። የእኔ ክለብ ለራሱ፣ ሁለት ቀን ቀድሞ ሸጠ፤ በሊጉ በኩል ምንም አልሆነም። ኤቨርተን ደግሞ ጣሪያውን በ19.5 ሚሊዮን ስላለፈ መጀመሪያ አሥር ነጥብ ተቀነሰበት። በይግባኝ ስድስት ሆነ። በሚያዝያ 2024 ሁለት ተጨመረበት።

ኮንትራት ማስረዘሙንስ ምን ትሉታላችሁ? ቼልሲ ተጫዋቹን ኤንዞ ፈርናንዴዝን በ106.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ስምንት ዓመት ተኩል አስፈረመው። የተገዛበት ዋጋ ለስምንት ዓመት ተኩል ሲካፈል በዓመት 12 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ወጪ ይያዛል። በኋላ ዩኤፋም ሊጉም ከአምስት ዓመት በላይ ማካፈልን ከለከሉ። ያኔ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ብልጠቱን ግን አደንቃለሁ።

እንግዲህ የውጭ ባለሀብት ወደሚለው ልምጣ። ጸሐፊያችሁ ነገሩን ሁሉ በባለቤቱ ፓስፖርት ለክቶታል። ቤሪ የሚባለውን ክለብ በ1 ፓውንድ የገዛው እንግሊዛዊ ነበር። ክለቡ በነሐሴ 2019 ከፕሪምየር ሊጉ በታች ካለው ሊግ (ኢኤፍኤል) ተባረረ። በተቃራኒው ኒውካስልን ተመልከቱ። በጥቅምት 2021 የሳዑዲ የመንግሥት ፈንድ 80 በመቶውን ገዛ። ከዚያ የበለጠ ሀብታም ባለቤት የት ይገኛል? ሆኖም በሰኔ 2024 ደንቡ እንዳያንቃቸው ከልጅነቱ ያሳደጉትን ኤሊዮት አንደርሰንን ለፎረስት ሸጡት። በአካዳሚ ያደገ ልጅ በደብተሩ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው። ሲሸጥ ዋጋው በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይያዛል። ስለዚህ ክለቦች ሲቸግራቸው መጀመሪያ የሚሸጡት የሰፈራቸውን ልጅ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውት ይሆን እላለሁ።

ፖለቲካ የለበትም እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ሞልቶታል። ኒውካስል ሲሸጥ ሊጉ «የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን አይቆጣጠርም» የሚል ሕጋዊ ማረጋገጫ ተቀብሏል። የፈንዱ ሊቀመንበር ግን አልጋ ወራሹ ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥትም አንድ ጊዜ ለእግር ኳስ ተቆጣጣሪ በሚቋቋምበት ረቂቅ ሕግ ውስጥ፣ ባለቤት ሲመረመር የመንግሥት የውጭ ጉዳይና የንግድ ፖሊሲ ከግምት ይግባ የሚል አንቀጽ አስገብቶ ነበር። ኋላ ወጣ። ለናንተ ለጋዜጠኞቹ ደግሞ ይቺን ልንገራችሁ፦ የማንቸስተር ሲቲው ባለቤት፣ ከአቡ ዳቢ ገዢ ቤተሰብ የሆኑት ሼክ መንሱር ያሉበት ወገን ቴሌግራፍ የተባለውን ጋዜጣ ሊገዛ ሲል፣ በ2024 የውጭ መንግሥት ጋዜጣ እንዳይገዛ ሕግ ወጣ። ክለቡ ግን ከ2008 ጀምሮ በእጃቸው ነው። ከጋዜጣና ከክለብ የትኛው የበለጠ አንባቢ እንዳለው እናንተ ፍረዱ።

እኔ ግን ከፓስፖርቱ ይልቅ የማየው ሻጩና ገዢው፣ ከፋዩና ተከፋዩ አንድ ወገን መሆን አለመሆኑን ነው። ሊጉም ይህን ጀምሮት ነበር። ኒውካስል በተገዛ በሁለት ወሩ፣ ከባለቤቱ ጋር የሚዛመድ ስፖንሰር ሁሉ ዋጋው ይመርመር አለ። ሲቲ ከሰሰ። በጥቅምት 2024 የግልግል ዳኞች የደንቡ አንድ ክፍል ሕገ ወጥ ነው ብለው ወሰኑ፤ ባለቤቶች ለክለባቸው የሚሰጡትን ያለ ወለድ ብድር ሳይነካ አልፎ ነበርና። እውነታቸውን ነው። የብራይተን ክለብ ባለቤት ቶኒ ብሉም እንግሊዛዊ ነው፤ ለክለቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ያለ ወለድ አበድሯል። ያም ዝምድና ነው። ሰውየው ደግ ስለሆነ ዝምድናው አይቀርም።

ከ2026/27 ጀምሮ ደንቡ ይለወጣል። ክለብ ለቡድኑ የሚያወጣው ከገቢው 85 በመቶ አይለፍ ተብሏል። በዩኤፋ በኩል 70 ነው። ያኔ ጠቡ ከኪሳራ ወደ ገቢ ይዞራል። ገቢው ደግሞ ከማን መጣ?

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። የክለብ ትርፍ ስትዘግቡ ገዢው ማን እንደሆነ በአንድ መስመር ጨምሩልን። የ128.4 ሚሊዮኑንም ዜና በሚቀጥለው እትም አርሙት። የቼልሲ ደጋፊዎች ቢቆጡባችሁ ይህን ደብዳቤ አሳዩአቸው።

ጡረተኛ ኦዲተርና የቼልሲ ደጋፊ