ብሮኮሊው ይቅርብን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምግብ አምዳችሁን አነባለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን የጾም ምግብ ባወጣችሁ ቁጥር እንጉዳይ ግዙ፣ ብሮኮሊ ግዙ ነው። ደሴ ላይ ብሮኮሊ ፍለጋ ከምዞር ጓዳ ያለችውን ዱባ ብቆራርጥ አይሻለኝም?

ሁለት ካሮት፣ ጥቂት ድንችና ግማሽ ጥቅል ጎመን ካለ እኮ ምሳ አለ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሮ፣ እርድ ጣል አድርጎ መጀመሪያ ካሮቱን መክተት ነው፣ እሱ ቶሎ አይበስልማ፤ ከዚያ ድንቹ፣ ጎመኑ መጨረሻ ላይ። ውሃ አታብዙ፣ ጎመኑ ራሱ ያወጣል። ቃሪያ ሰንጥቆ ከላይ፣ አለቀ። ያለው ቆስጣ ከሆነም ከድንች ጋር ይሄዳል። ዱባ ግን በርበሬ ይፈልጋል፤ ለማሽላ እንጀራ ከዱባ ወጥ የሚበልጥ የለም ባይ ነኝ (የጤፍ ወዳጆች አትቀየሙኝ)።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ሲጠራራ ሥጋው ለየብቻ ነው፤ የአትክልት ወጥ ሲሆን ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል፣ ማን በምን ቢላ አረደ የሚል ጣጣ የለም። ሁዳዴም 55 ቀን ነው፤ በሽሮ ብቻ እንዴት ይገፋል?

እና እባካችሁ ገበያ ላይ በብዛት ያለውን እያያችሁ ጻፉልን። ስትጽፉም በግራም አይሁን፣ በጭልፋና በእፍኝ ንገሩን፤ ሚዛን ያለው ወጥ ቤት ስንት ነው?

አንባቢያችሁ ከደሴ