ችግኝ ስናፈላ የአፈሩን ፈንገስ አንርሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሰሜኑ ዓለም ደኖች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ዛፎቹና ስለ በረዶው በሚገባ የተተነተነ ቢሆንም፣ እነዚያን ደኖች ከሥር ሆኖ የሚመግበው ፈንገስ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ፣ ሐዋሳ ውስጥ ችግኝ በማፍላት ለምተዳደረው ለእኔ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ታይቶኛል።

በስዊድን፣ በፊንላንድ፣ በካናዳና በሩሲያ ሰሜናዊ ደኖች ቅዝቃዜው የረገፈው ቅጠል ቶሎ እንዳይበሰብስ ስለሚያደርግ፣ ናይትሮጅኑ አፈሩ ውስጥ እያለ ዛፉ በራሱ ሥር በቀላሉ አያገኘውም። ከፀጉር የቀጠኑት የፈንገስ ክሮች ግን የሥሩን ጫፍ ጠቅልለው ሥር ወደማይገባበት ስንጥቅ ሁሉ ይዘልቃሉ፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለዛፉ ያቀብላሉ፤ ዛፉም በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያካፍላቸዋል። ይህን አብሮ መኖር ጀርመናዊው አልበርት ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 «ማይኮራይዛ» ብሎ ሰይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በሰሜን ስዊድን የፓይን ዛፎችን ልጥ ዙሪያውን ልጠው ስኳሩ ወደ ሥር እንዳይወርድ ቢያግዱ፣ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድና ሁለት ወር ውስጥ 54 በመቶ ያህል ቀንሷል። ይህም ከአፈሩ ትንፋሽ ግማሽ ያህሉ ዛፉ በየዕለቱ በሚልከው ስኳር የሚኖሩት የሥሩና የፈንገሱ እንደሆነ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በዚያው አገር የሐይቅ ደሴቶች ደን አፈር ውስጥ ከተከማቸው ካርቦን ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከሥርና ከሥር ጋር ከሚኖሩ ፈንገሶች የመጣ መሆኑ ተገልጿል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፓቱላ የተባለውን የፓይን ዓይነት ጤነኛ ችግኝ ከፕላስቲኩ አውጥቼ አፈሩን በውኃ ሳጥበው፣ የሥሩ ጫፎች እንደ ባላ ለሁለት ተከፍለው ነጭ ክር ለብሰው አያቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ከግንባታ ጉድጓድ የወጣ ቀይ አፈር መጥቶልን፣ ውኃውም እንክብካቤውም ሳይጓደልበት ችግኙ ቢጫ ሆኖ መነመነ፤ ሥሩም ልሙጥ ነበር። ፓይን ወደ አፍሪካ በመጣባቸው ዘመናት ፈንገሱ አብሮት ባልመጣበት ሥፍራ የደረሰው ይኸው ነው።

ስለዚህ በየችግኝ ጣቢያው የደን አፈር ከድብልቁ እንዳይቀር፣ አፈሩም ከሚፈላው ዛፍ ወገን ሥር እንዲወሰድ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የዝግባና የሐበሻ ጥድ ፈንገስ ሥሩን ከውጭ የሚጠቀልል ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚገባ ሌላ ዓይነት በመሆኑ፣ ከፓቱላ ሥር የተዛቀ አፈር ለእነርሱ አይተካም። የሚወሰደውም ጥቂት ሆኖ ቦታው በቅጠል መልሶ ሊሸፈን ይገባል። ወንዶ ገነት ከከተማችን ብዙ ስለማይርቅ፣ የአፈር ድብልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዚያን የደን ምሁራን ጠይቃችሁ ስለ አገራችን ዛፎች ፈንገስ ሰፊ ጽሑፍ ብታወጡልን በየጣቢያው የምንሠራ ሁሉ እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፤
ችግኝ አፍይ፣ ከሐዋሳ